በማስ ቬርን ግቢ የሚያልፈው መንገድ

ማስ ቬርን፣ ማርች 14 ቀን 1993

እህቴ እንግራሲያ፣

ሰላምታዬ ከነጭቃው ይድረስሽ፤ ቦቲዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ። ትራሙንታናው፣ ያ የሰሜን ነፋስ፣ ሰሞኑን ቤቱን እየዞረ ሲያፏጭ ሰንብቶ ዛሬ ገና ጋብ አለ። እኔ ደህና ነኝ። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው፤ ከኔ አስቀድመሽ ስለነሱ እንደምትጠይቂ ስለማውቅ ነው።

ደብዳቤህ ለምን ቀለም ቀለም ይሸታል ላልሽው፣ በስተርጅና ሠዓሊ አልሆንኩም። ባለፈው መከር ኤውላሊያ፣ የጋሪ ሠሪው ልጅ፣ አሁን በማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ ሰው የሆነችው፣ እዚህ ድረስ መጥታ ስለ ወንዙ ዳር የድሮ መንገድ ጠየቀችኝ። ከድልድዩ ተነሥቶ፣ በወፍጮው በኩል አልፎ፣ እስከ ሳንት ጋልዴሪክ ጸሎት ቤት የሚወጣውን፣ አባባ ቡሹን በበቅሎ ያወርድበት የነበረውን ማለቴ ነው። የከተማ ሰዎች እሑድ እሑድ በእግር መሄድ ያምራቸዋል አለችኝ። ተራራ አይደለም፣ ገደልም አይደለም፤ ልጅ ያዘለችም ጉልበቱን ያመመው ሽማግሌም ሳያለከልኩ የሚሄዱበት ለስላሳ መንገድ ነው የሚፈልጉት። አንተ ካላሳየኸን ማንም አያውቀውም ስትለኝ፣ መቼም ሰው ሲያስፈልግ ደስ ይለዋል፣ እሺ አልኳት።

የእንጆሪው እሾህ መንገዱን ውጦት ነበር። ክረምቱን በሙሉ በገጀራ ስጨፈጭፈው ከረምኩ። እጄን ብታዪው ከድመት ጋር ስታገል የኖርኩ ነው የሚመስለው። አሁን ግን ተከፍቷል። በየዛፉና በየድንጋዩ ላይ ነጭና ቢጫ መስመር አንዱን ካንዱ በላይ እየቀባሁ ሄጃለሁ፤ ያንን ያየ ሰው ሳይጠይቅ ይደርሳል። ሽታው የዚያ ነው።

ተጓዦቹንማ አታንሺብኝ። ሁለት ምርኩዝ በሁለት እጁ የያዘ ጤነኛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በየሳምንቱ አያለሁ። የመጀመሪያውን ‘ምነው፣ ወድቀህ ነው?’ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳቀብኝ። የጉድጓዱ ውሃ ይጠጣል ወይ ይሉኛል፣ ዕድሜ ልኬን ጠጥቼው ፊታቸው ቆሜ እያዩኝ። መንገዱ እንደምታውቂው በግቢያችን መሃል ነው የሚያልፈው፣ በጉድጓዱና በወጥ ቤቱ መስኮት መካከል። ጠዋት መስኮቴን ከፍቼ ቁልቁል ሳይ ወንዙም ሰውም ይታየኛል። እማማ ከሞተች ወዲህ ይህ ቤት እንግዳ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ እንዳትለምጂው።

ሳዱርኒና ፊና ባለፈው እሑድ ከፊጌሬስ መጥተው ነበር። ወንድማችን ጫማ መሸጥ ሰልችቶኛል ይላል። ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ዋለ። ሚስቱ ደግሞ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች አየች፤ የኔንም። ‘ከሁሉ ይልቅ ብርሃን ያለው ይህ ነው’ አለችኝ። አነጋገሯ ደስ ስላላለኝ አባባ ሊሞት ሲል የተናዘዘውን አስታወስኳት፤ ቤቱና መሬቱ እንደ አገሩ ወግ የታላቁ ልጅ የሳዱርኒ ነው፣ ባልዲሪ ግን፣ እኔ ማለት ነው፣ ሳያገባ እስከኖረና ለቤቱ እስከሠራ ድረስ፣ ቢታመምም ቢሻለውም፣ አልጋውና ማዕዱ እዚሁ ነው። እሷም ‘እናውቃለን እኮ፣ ማን ምን አለህ?’ ብላ በሩን ዘጋችልኝ።

አንድ ምክር ልጠይቅሽ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን የሚጠብቅ ሰው በደመወዝ ሊቀጥር ነው፤ ኤውላሊያ ስምህን ላስገባው ወይ ብላኛለች። እኔ ደመወዝ በልቼ አላውቅም። የቤት ልጅ ለቤቱ እንጂ ለሌላ አይቀጠርም ሲባል ነው ያደግነው። በሌላ በኩል መንገዱን ሌላ ሰው ሲነካካው ማየት አልፈልግም። ምን ትያለሽ?

ወንድምሽ ባልዲሪ


ሊዮን፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1993

ወንድሜ ባልዲሪ፣

በደብዳቤህ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ስለተኛሁበት አትቀየመኝ። ዳሌዬ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ብቻ ነው የሚፈቅድልኝ፤ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ዳገት ላይ ነው። ይህችንም ጎረቤቴ ናት የምታስገባልኝ። በመሃል የላክሃት አጭር ማስታወሻም ደርሳኛለች። እዚህ ተቀምጬ ጥያቄህን ሳመነዥክ ከረምኩ እንጂ አልረሳሁህም።

መልሴ አጭር ነው፤ ተቀበል። ነገ ዛሬ ሳትል ሄደህ ፈርም።

ወግ ወግ ትለኛለህ። እኔም በወጉ ነው ሻንጣና አንሶላ ተሸክሜ ለባቡር ሠራተኛ የተዳርኩት። ሳዱርኒም በወጉ ቤቱን ወርሶ፣ ከዚያ ወጉን ረስቶ ፊጌሬስ ላይ ጫማ ቤት ከፈተ። ሁላችንም ወጥተን አንተ ብቻ እንደ ምሰሶ ተተክለህ ቀረህ። ለቤቱ ሠራህ፤ ቤቱ ምን ሰጠህ? ሱሪ ባስፈለገህ ቁጥር የሰው ሚስት ፊት እያየህ ኖርክ። አንድ ቀን ታመህ ብትወድቅ ጡረታ የለህም፣ በስምህ የተመዘገበ ማንኪያ የለህም። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ‘ባልዲሪ፣ ሥራህ ያምራል፣ እንክፈልህ’ ሲል አንተ እኔን ፈቃድ ትጠይቀኛለህ። ስሙ የተጠራ ሰው አቤት ይላል እንጂ በር ሥር አይደበቅም።

ደግሞ ኩራትህን አውቀዋለሁ። የቀባኸውን ድንጋይ ሌላ ሰው ሲቀባው ብታይ ትታመማለህ።

ሳዱርኒ ጽፎልሽ ያውቃል ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ በማርች መጨረሻ ጽፎልኛል። ስለ ጤና ስለ ጤና ነው። ፊናን ደግሞ በክፉ አትያት፤ ክፍል ማየት ወንጀል አይደለም።

ስትፈርም በትልቁ ፈርም።

እህትህ እንግራሲያ


ማስ ቬርን፣ ጁን 27 ቀን 1993

እህቴ እንግራሲያ፣

በመጀመሪያው ደመወዝህ ምን ገዛህበት ላልሽው፣ ጫማ። ከሳዱርኒ መደብር እንዳይመስልሽ፤ ከገበያ ነው፣ ለዚያውም ተከራክሬ። ላንቺ የላክኋት የአንገት ልብስ ቀለሟ ካልጣመሽ ለጎረቤትሽ ስጫትና አንቺን ከምትወድሽ በላይ ትውደድሽ። በገዛ ገንዘቤ ለሰው ዕቃ ስገዛ ብሩን ደጋግሜ ቆጠርኩት። ሻጩ የደከመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

እንደ ምክርሽ በትልቁ ፈርሜያለሁ። ኤውላሊያ ወረቀቱን አዙራ እያየች ከንቲባውም እንዲህ አይፈርም አለችኝ።

መንገዱ አሁን ነው ማየት። ወንዙ ቀንሶ የመሻገሪያ ድንጋዮቹ ደርቀዋል፤ ከወፍጮው በላይ ያሉት የቡሽ ዛፎች ልጣጫቸው ገና ሰሞኑን ስለወረደ ግንዳቸው ደም መስሏል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የጄሮና ሴትዮ፣ እግሯን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ክረምቱን ተኝታ የከረመች፣ ከልጇ ጋር መጣች። በየጥላው እያሳረፍኩ ወሰድኳቸው። ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ተቀምጣ አለቀሰች። ልጇ ደነገጠ። እሷ ግን ‘ተወኝ፣ ደርሼ ነው’ አለችው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሯ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳዱርኒ ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ቆርጧል። አዎ፣ ተናግሮኛል፣ አልደበቀኝም። እግረኞቹ ማደሪያ ይፈልጋሉ፣ መንገዱም ደጃችን ነው ይላል። አልተቃወምኩትም። ሰው ሲገባበት የቆየ ቤት እንደገና ሰው ቢገባበት ምን አለበት። እንጨት የሚፈልጥ፣ አትክልት የሚያጠጣ፣ ዶሮ የሚያርድ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

በጁኑ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ ግቢው ውስጥ እሳት አንድደን ሳዱርኒ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠራ። ሲጠራቸው የመጀመሪያው ነው። ወይን ቀድቶ ተነሣና ‘ከእንግዲህ ወንድሜ ባልዲሪ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው፣ ሁላችሁም ስሙልኝ’ አለ። አጨበጨቡልኝ። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ደገመው፤ ፒሩ የሚባለው ጎረቤታችን ‘ሰምተናል እኮ ሳዱርኒ’ እስኪለው ድረስ። ወይኑ ገብቶት ይሆናል። እኔ ግን ወንድሜ በሰው ፊት ሲያከብረኝ አይቼ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮራሁ።

ጣሪያው ሊታደስ ስለሆነ አልጋዬን ለጊዜው ወደ ጎተራው አውርጃለሁ። አይጦቹ በደንብ ተቀብለውኛል።

ወንድምሽ ባልዲሪ


ሊዮን፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1993

ባልዲሪ ወንድሜ፣

ሁለት ደብዳቤዎችህ ጠረጴዛዬ ላይ ሆነው ሲያፈጡብኝ ነው የሰነበቱት። መልስ ያጣሁት ስላልወደድኩህ ሳይሆን ምን እንደምልህ ስላላወቅሁ ነው። የአንገት ልብሷን አድርጌያታለሁ፣ እቤት ውስጥም አላወልቃትም።

ጣሪያው ካለቀ በኋላ ለምን ወደ ክፍሌ አልተመለስኩም ብለህ እኔን ትጠይቀኛለህ። እኔ በምን አውቄ? ለሳዱርኒ ስልክ ደወልኩለት። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ባልዲሪ ደግሞ ዓይኑን ያመዋል፣ ሽታው አይስማማውም አለኝ። በክፍልህ ውስጥ መታጠቢያ መግባቱን ግን አልነገረኝም፤ ያን ካንተ ነው የሰማሁት። የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን ሁሉም ክፍል መታጠቢያ ይገባበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አንተ ስለ ነገሩ ከሱ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገር እንጂ ጎተራ ውስጥ ሆነህ ጥርስህን አትንከስ።

ምሳ ለብቻህ ማቅረባቸውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሠራተኞቹ በዝተው ይሆናል፣ ጠረጴዛው ጠቦ ይሆናል እያልኩ ለነሱ ሰበብ ስፈልግላቸው ዋልኩ። ሰበቡ ሁሉ አለቀብኝ።

በማርች ምን ነበር የጻፈልሽ ብለህ ደግመህ መጠየቅህ ገርሞኛል። ስለ ጤና ነው ብዬሃለሁ። ወረቀቱንም አላስቀመጥኩትም።

ሐኪሙ ባቡር ከልክሎኛል እንጂ መጥቼ ሁለታችሁንም እንደ ልጅነታችሁ ጆሯችሁን ይዤ አስታርቃችሁ ነበር። እስከዚያው ታገሥ። ለቤቱ የምትሠራውን ሥራ አታቋርጥ፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ። ይህን ምክሬን ስማኝ።

እህትህ እንግራሲያ


ከመንደሩ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1993

እንግራሲያ፣

አድራሻዬ ለምን ተለወጠ ብለሽ በስልክ ዳቦ ጋጋሪውን ጠይቀሽው ነበር። እኔ ቆሜ እሰማ ነበር፤ ስልኩን ሊሰጠኝ ሲል እጄን አወራጨሁበት። በአፍ መናገር ስላልሆነልኝ ነው። አሁን እጽፍልሻለሁ።

ምክርሽን ሰምቻለሁ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ጠዋት መንገዱን፣ ከሰዓት በኋላ ዶሮዎቹን፣ አትክልቱን፣ እንጨቱን። የመጋዝ ድምፁ እንግዶቹን እንዳይረብሽ ጫካ ወስጄ ነበር የምቆርጠው።

የሙታን በዓል ዋዜማ ነበር። እንደ ልማዳችን የጫካውን ለውዝ ጠብሰን በላን፤ እነሱ በትልቁ ጠረጴዛ፣ እኔ በምድጃው በኩል። ሁሉም ከሄደ በኋላ ሳዱርኒን ጠራሁትና ክረምቱ ሳይገባ ክፍሌን መልስልኝ አልኩት። በጎተራው ውስጥ ትንፋሼ እየታየኝ ነው የምተኛው አልኩት። ቀስ ብሎ ነው የመለሰልኝ፤ ሲያጠናው የከረመ ነው የሚመስለው።

‘አባባ ምን ብሎ ነው የተናዘዘው?’ አለኝ።

‘ባልዲሪ ለቤቱ እስከሠራ ድረስ።’

‘አንተ ለማን ነው የምትሠራው?’

የምሠራውን ቆጠርኩለት። ዶሮውን አልኩት፣ እንጨቱን አልኩት፣ ዛሬ የበላኸውን ለውዝ ማን ለቀመው አልኩት።

‘ደመወዝህን ማን ነው የሚሰጥህ?’ አለኝ።

‘ማዘጋጃ ቤቱ።’

‘እንግዲያው አልጋም ማዘጋጃ ቤቱ ይስጥህ።’

ይህንኑ ነው ያለኝ፣ አልጨመርኩበትም። ከዚያ ጎረቤቶቹን ምስክር ቆጠረልኝ። በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ሁሉም ሰምተዋል፣ አንተም ወይን አንሥተህ ጠጥተሃል አለኝ። እውነት ነው፣ ጠጥቻለሁ። ኮርቼም ነበር።

በማግስቱ ፊጌሬስ ወርጄ አባባ የተናዘዘበት ውል አዋዋይ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ሞቷል፤ ልጁ ነው ያለው። አነበበልኝ። ቃሉ እንደ ቃሉ ነው፣ ለቤቱ ሲል ለቤቱ ነው፣ ለሌላ በደመወዝ የገባ ሰው ለቤቱ አይሠራም ማለት ነው፣ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚረዳው አለኝ። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ራሴ እንዲሁ ነበር የምፈርደው። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ዕቃዬን ስሰበስብ ፊና ጎተራው በር ላይ ቆማ ነበር። ክፉ አልተናገረችኝም። ‘ለእንግራሲያ የጻፍንላት ለጥቅምህ ብለን ነው፣ አሁን ጡረታ አለህ’ አለችኝ። ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ። ለእንግራሲያ ምን ጻፋችሁላት አላልኳትም። አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ ተውኩት።

እና እጠይቅሻለሁ። ተቀበል ብለሽ ስትጽፊልኝ የማን ቃል ነበር? አውቀሽ ነው?

ባልዲሪ


ሊዮን፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1993

ባልዲሪ፣

እንኳን ለገና በሰላም አደረሰህ ማለት እፈልጋለሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምለው ግን ጨንቆኛል።

አላወቅሁም። ማመን አለማመን ያንተ ነው። በማርች የጻፈልኝን አሁን በቃሌ እነግርሃለሁ። ‘ባልዲሪ ጡረታ የለውም፣ እኔ ስሞት ልጆቼ ምን ያደርጉታል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሊቀጥረው ነው፣ እሱ ግን ወግ ይላል። አንቺን ይሰማል፣ ምከሪው። እኔ እንዳልኩሽ ግን አትንገሪው፣ ከኔ የመጣ ነገር አይወድም’ አለኝ። እኔም አነበብኩና ሳዱርኒ በስተመጨረሻ ወንድም ሆነ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ። አሁን ልጠይቅህ፤ ከሱ የመጣ ነገር ትወዳለህ? ከሱ መሆኑን ብነግርህ ኖሮ ወረቀቱን ቀድደህ ወንዝ ነበር የምትጨምረው። ስለዚህ ደበቅሁህ። በኦክቶበር ስትጠይቀኝ ደግሞ ጠርጥሬ ስለነበር ፈራሁና ደበቅሁህ።

አባባ ምን እንዳለ እኔም አውቃለሁ፤ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ግን በዚያ ቃል ሰው ከተወለደበት ቤት ያወጣሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እዚህ አገር ብዙ ኖሬ ወጉ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ያንተ ግን አልጠፋም፤ በደብዳቤህ ራስህ ጽፈኸው ነበር፣ የቤት ልጅ አይቀጠርም ብለህ። ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ? ተቀበል እንድልህ ነበር የጠየቅኸኝ። እኔም አልኩህ። አሁን በሳዱርኒ ላይ መጮህ ሲያቅትህ በእኔ ላይ ትጮሃለህ፤ እኔ እግሬ የማይሄድ አሮጊት ስለሆንኩ ይቀልሃል።

ይህን ጽፌ ልቀድደው ነበር። ይሂድ። ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ካንተ ይልቅ ለራሴ ነው።

ለሳዱርኒ ስልክ ደውዬለት ነበር። ሁሉም በሕግ ነው፣ ልጆቼን ላስብ አለኝ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ወንድም አንድ ብቻ ነው ያለኝ ብዬ ዘጋሁበት። የገና ካርድም አልላክሁለትም።

እዚህ ና። ኩሽናው አጠገብ አልጋ አለ፣ ማሞቂያው ይሠራል። ከቤታችን በታች ወንዝ አለ፤ ባለ ሲሚንቶ ነው እንጂ ወንዝ ነው። በዳሌዬ ምክንያት የማልሄድበትን ገበያ ትሄድልኛለህ፣ እየተጨቃጨቅን እንኖራለን። ና፣ ወንድሜ። ሌላ የማደርግልህ ነገር የለኝም።

እንግራሲያ


ከመንደሩ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1994

እህቴ እንግራሲያ፣

ክረምቱን እንዴት አሳለፍከው ላልሽኝ፣ በሙቀት። የዳቦ ምድጃው ከወለሌ ሥር ነው፤ እንደ ድመት ጥጉን ይዤ ተኝቼ ከረምኩ። የላክሽልኝ ሹራብ እጅጌው ረዝሞ ነበር፣ የጋጋሪው ሚስት አሳጠረችልኝ። ደብዳቤሽን ሁሉ አንብቤያለሁ። ያልመለስኩት ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ክፉ ቃል እየቀደመኝ ስለነበር ነው።

ይቅር ብለኸኛል ወይ ብለሻል። አላውቅም። ያልሽው እውነት ነው፣ ተቀበል እንድትይኝ ፈልጌ ነበር። የደመወዙን ፖስታ ስቀበል ጣፍጦኝ ነበር። ግን ማታ ማታ ነገሩ ሲመላለስብኝ፣ ሳዱርኒን ሳይሆን ያንቺን እጅ ጽሕፈት ነው የማየው። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ መደበቅ በቅቶናል። ወደ ሊዮንም አልመጣም። እዚያ መጥቼ ደግሞ ያንቺ የቤት ልጅ እሆናለሁ። ያንን አንዴ ሆኛለሁ።

ማረፊያው ተከፍቷል ወይ፣ ሰው ገባበት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። በፋሲካ ተከፍቷል፣ ሞልቷልም። በራሪ ወረቀታቸው ላይ ያለው ሥዕል የእኛ መንገድ ነው፤ እኔ የቀባሁት ምልክት ሳይቀር ይታያል። በእኔ ክፍል ከሆላንድ የመጡ ባልና ሚስት እንዳረፉ ጋጋሪው ነግሮኛል፤ ዳቦ የሚወስድላቸው እሱ ነው። አልቀናሁም ብልሽ አታምኚኝም።

አሁን የምነግርሽ ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ነው። ለዚህ ነው መጻፌም።

ሳዱርኒ ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከተ። እንግዶቹ ቁርስ ሲበሉ እግረኞች በመስኮት ያዩአቸዋል፣ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ፣ ግቢው የግል ስለሆነ መንገዱ በታች በኩል ይዙር አለ። ምክር ቤቱ ተስማማ። ኤውላሊያ ልትነግረኝ ስትመጣ ዓይኔን ማየት አቃታት። ‘ሌላ ሰው እልካለሁ፣ አንተ አትሂድ’ አለችኝ። ሌላ ሰው ምልክቱን ካጣመመው እንግዳ ሰው ጫካ ውስጥ ሲንከራተት ይውላል፤ እኔ እሄዳለሁ አልኳት። እሷ ‘ባልዲሪ፣ ግድ የለም እኮ’ አለች። እኔ ግን ደመወዜን የምበላበት ሥራ ነው አልኳት። ይህን ስናገር የሳዱርኒ ድምፅ ከአፌ የወጣ መሰለኝና ደነገጥኩ።

መጀመሪያ በታች በኩል አዲሱን መንገድ ከፈትኩ። ረግረጉ ላይ ድንጋይ ደልድዬበታለሁ፤ መልካም መንገድ ነው፣ ከድሮው ይልቅ ጥላ አለው። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከጉድጓዱ ድንጋይ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ ጥግ፣ ዋርካ ከሚያህለው የለውዝ ዛፍ ላይ የራሴን ምልክት በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ። ቀለሙን ጥሩ አድርጌ ነበር የቀባሁት፣ በቀላሉ አልለቅ አለኝ። እንግዶቹ በመስኮት ያዩኝ ነበር።

አሮጌ ምልክት መፋቅ ብቻ ግን አይበቃም። የድሮው ካርታ ያለው ሰው መምጣቱ አይቀርም። ለዚያ ሌላ ምልክት አለ፤ ነጭና ቢጫ መስመር ተጣምሮ እንደ መስቀል ይቀባል፣ በዚህ አይኬድም ማለት ነው። ሰው ከድልድዩ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። እዚያ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አንድ ነው፤ የግቢው በር ቀኝ ድንጋይ፣ የቅድመ አያታችን ስም የተቀረጸበት።

ቀለሙን ከፍቼ ስበጠብጥ ሳዱርኒ ወጣ። አርጅቷል፣ እንግራሲያ፣ ከኔ ይልቅ አርጅቷል። ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ትንሽ ቆሞ አየኝና፣

‘ዝቅ ብታደርገው። ለሚገባ እንግዳ ደስ አይልም’ አለኝ።

‘ዝቅ ካለ አይታይም’ አልኩት።

‘ስሙ ላይ እኮ ነው።’

‘አውቃለሁ።’

ቀባሁት። በጥንቃቄ ነው የቀባሁት፣ ጠርዙን አስተካክዬ፣ ቀለም ሳላንጠባጥብ።   እሱም አልሄደም፣ እስክጨርስ ቆሞ ነበር። ይቅርታ ሊለኝ የቆመ መስሎኝ ሥራዬን አዘገየሁለት። ለካ በሩ እንዳይበላሽ ነው የሚጠብቀው።

ብሩሹን ስጠርግ ሁለት እግረኞች፣ አንዲት ወጣት ሴትና አባቷ፣ ከድልድዩ በኩል ወጡ። ካርታቸው የድሮው ነው። ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ መንገዱ ከእንግዲህ በዚህ እንዳልሆነ አስረድቼ በታች በኩል ያለውን አሳየኋቸው። ልጅቱ ቤቱን ቀና ብላ አየችው። መስኮቴ ተከፍቶ ነጭ መጋረጃ ይወዛወዝበት ነበር።

‘እንዴት የሚያምር ቤት ነው። የማን ነው?’ አለችኝ።

‘እንጃ’ አልኳት። ‘እኔ መንገዱን ብቻ ነው የማውቀው።’

ሳዱርኒ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። አላረመኝም።

ወንድምሽ ባልዲሪ